የእንቅልፍ ኪኒንን ቀስ ብሎ መተው

ይህን የምጽፈው ዲያዜፓም ወይም እሱን የመሰለ የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒን ከወር በላይ በየቀኑ ሲወስዱ ቆይተው አሁን መተው ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ለቤተሰቦቻቸውም ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ዛሬ ማታ በአንዴ እንዳታቆሙት። ለመተው ቆርጣችሁ ከሆነ ጎበዞች፤ ለጊዜው ግን እንደ ወትሮው ዋጡት። መተው ይቻላል። ብዙ ወር ይፈጃል፤ ሐኪምና ደብተር ይፈልጋል።

እኔ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የምኖር የሒሳብ መምህርት ነኝ። አባቴ ሲሞት እንቅልፍ ጠፋኝ። ሐኪም ባለ አምስት ሚሊግራም ዲያዜፓም ጠዋትና ማታ አዘዘልኝ፤ ለሁለት ሳምንት ብሎ። ሁለቱ ሳምንት ዓመታት ሆነ። ማዘዣው ይታደሳል፣ እኔም እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ሰውነቴ ያለ ኪኒኑ መኖር እንደማይችል የገባኝ መንገድ ተዘግቶ ፋርማሲዎች ባዶ በሆኑበት ሰሞን ነው። ኪኒኔ አለቀ። መጀመሪያ ምንም አልሆንኩም። ጥቂት ቀን ቆይቶ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይመታል፣ የተማሪ ወንበር ሲጎተት ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባል። እማዬ ወባ ነው ብላ ነበር። ኪኒኑ ተገኝቶ በዋጥኩ በሰዓታት ውስጥ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ያኔ ነው ነገሩን መመርመር የጀመርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ራሱን የሚያረጋጋበት ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ዲያዜፓም የጋባን ሥራ ያጎላል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም አንጎል ይለምደውና ለራሱ ጋባ የሚሰጠውን ምላሽ ይቀንሳል። ኪኒኑ ድንገት ሲቀር የሚያረጋጋ ነገር ያንሳል፤ ነርቭ ሁሉ ይነቃል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጆሮ ጭው ማለት፣ የጡንቻ መወራጨት፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት ይመጣል። ብዙ ሲወስድ በነበረ ወይም ለረጅም ጊዜ በወሰደ ሰው ላይ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊከተል ይችላል። ይህ ይገድላል። በአንዴ አታቁሙ የምለው ለዚህ ነው።

ኪኒኑን ልክ እንደታዘዘው የዋጠ ሰው ላይም ይህ ይደርሳል። ስለዚህ «ሱሰኛ ሆነች» የሚል ሰው ካለ አትስሙት። ዲያዜፓም ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እንግሊዞች ለሐኪሞቻቸው «ከ2 እስከ 4 ሳምንት በላይ አትስጡ» የሚል ምክር ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደግሞ ስለ መላመዱና ስለ ማቆሙ ሕመም ከባድ ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው መረጃ ላይ እንዲሰፍር ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እነሱ ይህን ያህል ከዘገዩ፣ ማራኪ ያለች አንዲት መምህርት ባታውቅ አይፈረድባትም። እናንተም ላይ አይፈረድም።

የያዛችሁት ኪኒን ምንድን ነው?

ይህን ሳታውቁ አንድም ነገር አትቀንሱ። ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ነበር፦ የእኔ ዲያዜፓምና ታናሽ ወንድሜ በየወሩ የሚወጋው የፍሉፌናዚን መርፌ። ወንድሜ ድምፅ የሚሰማበት ሕመም ነበረበት፤ መርፌውን ከጀመረ ወዲህ ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ይስቃል። እኔ መቀነስ ስጀምር «እኔስ?» አለኝ። «አንተ ሐኪምህን ትጠይቃለህ እንጂ እኔን አይተህ እንዳትተው» አልኩት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የእሱ መድኃኒት ሕመሙ እንዳይመለስ የሚጠብቅ ነው። መርፌው ከሰውነት የሚወጣው በሳምንታትና በወራት ነው፤ ስለዚህ ያቆመ ሰው ለጊዜው ደህና ይመስላል። ቤተሰብም «አየህ፣ ሳያስፈልገው ነበር» ይላል። ሕመሙ የሚመለሰው ያኔ ነው። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን የሚወስዱም እንደዚሁ ናቸው። መጠኑ ከበዛባቸው ወይም ካደነዘዛቸው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የሚቀነሰውም በእሱ እጅ ነው።

ለሚጥል በሽታ ፊኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን ወይም ቫልፕሮዬት የሚወስድ ሰውም ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። እነሱን በአንዴ ማቆም ሕመሙን ይቀሰቅሳል።

አልፕራዞላም፣ ሎራዜፓም ወይም ብሮማዜፓም የምትወስዱ የዲያዜፓም ዘመዶች ናችሁ። የእናንተ ኪኒን ግን ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣ ሕመሙ ቶሎ ይመጣል፣ ይበረታልም። ሐኪም አንዳንዴ ወደ ዲያዜፓም ቀይሮ ከዚያ ይቀንሳል። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ እንዳትቀይሩ። አንድ ሚሊግራም አልፕራዞላም ከአንድ ሚሊግራም ዲያዜፓም በብዙ እጥፍ የበረታ ነው፤ ቁጥሩ ስለተመሳሰለ ብቻ የሚተካ እንዳይመስላችሁ።

በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ኪኒኑንም አረቄውንም አንድ ላይ ልጣል ቢል አደጋው እጥፍ ነው። አረቄም በድንገት ሲቆም ያንዘፈዝፋል። እርጉዞችም፣ ቀድሞ የመንዘፍዘፍ ታሪክ ያለባቸውም፣ በዕድሜ የገፉ እናትና አባቶችም ከሐኪም ጋር ብቻ። ለሽማግሌ ፍጥነቱ ከዚህ ከምነግራችሁ ያነሰ መሆን አለበት።

ሐኪም ቤት

እዚህ ከተማ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሰው «እዚያ ስገባ ያዩኛል» ብሎ ይፈራል። እኔም መምህር ስለሆንኩ ተማሪም የተማሪ ወላጅም እንደሚያየኝ አውቄ ነው የሄድኩት። አንድ የተማሪዬን እናት ወረፋ ላይ አገኘኋት። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። ከዚያ በኋላ እንደ እህት ሆነናል።

ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የራስ ምታቱን፣ የጨጓራውን፣ ጎረቤት የሰጠቻችሁንም ጭምር። ትራማዶል ካለ በተለይ ተናገሩ፤ ከዲያዜፓም ጋር ሆኖ ትንፋሽ ያዳክማል፣ ለብቻውም ቢሆን መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ ጊዜ የለውም፣ ውጭ ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ቤት ሆናችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ መቼ ጀመርኩ፣ ለምን ጀመርኩ፣ አሁን ስንት እወስዳለሁ፣ አንድ ቀን ስረሳ ምን እሆናለሁ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የጀመርኩበት ሕመም አሁንም አለ ወይ? በየስንት ጊዜ በስንት ልቀንስ? ከከፋብኝ ማንን ላግኝ? የመጨረሻውን መልስ ሳትይዙ አትውጡ።

ሌላም አለ። ባለ ሁለት ሚሊግራም ዲያዜፓም እንዲጻፍላችሁ ለምኑ። ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ። ኪኒኑ በልዩ ማዘዣ የሚሰጥ ስለሆነ ፋርማሲው ያለ ወረቀት አይሰጥም፤ መስጠትም የለበትም። ከአንድ ፋርማሲ ብቻ ብትገዙ ጥሩ ነው፤ ባለሙያዋ ታውቃችኋለች፣ ሊያልቅ ሲልም ትነግራችኋለች። እንደኛ መንገድ የሚዘጋበት አገር ያለ ሰው ለሚቀጥሉት ሳምንታት የሚበቃ ኪኒን ሳይዝ የመጀመሪያውን ቅነሳ አይጀምር። በመሃል እጥረት ከመጣም የቀራችሁን ቁጠሩ። እስኪያልቅ እንደ ድሮው ውጣችሁ በአንዴ ባዶ ከመቅረት፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ አሳንሳችሁ አዝልቁት፤ በዚያው ቀንም ወደ ሐኪም ሂዱ። ገበያ ላይ ከሚሸጥ ሰው አትግዙ። ምን እንደሆነ አይታወቅም።

መቼ ይጀመር? ሐዘን ላይ አይሁን። ሠርግ ሲደገስ አይሁን። ለእኔ የፈተና እርማት ሰሞንም አይሆንም። ጎንደር ላይ ደግሞ ጥምቀት አለ፤ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ሌሊቱ በሆታ ያልፋል። እኔ እንግዶቹ ሁሉ ከተሸኙ በኋላ ነው የጀመርኩት።

ሒሳቡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና፤ ሙያዬም ስለሆነ።

ሰው ሁሉ የሚያስበው እንዲህ ነው፦ አሥር ሚሊግራም እወስዳለሁ፣ ባለ አምስቱን ኪኒን ለአራት እከፍላለሁ፣ በየጊዜው አንድ ሩብ እጥላለሁ። ሩቡ 1.25 ሚሊግራም ነው። እኩል እኩል ነው፣ ፍትሐዊ ይመስላል። አሁን በመቶኛ እንየው። ከ10 ወደ 8.75 ስትወርዱ የጣላችሁት ከያዛችሁት 12.5 በመቶ ነው። ከ5 ወደ 3.75 ስትወርዱ 25 በመቶ ነው። ከ2.5 ወደ 1.25 ሲሆን 50 በመቶ። የመጨረሻዋን ሩብ ስትጥሉ 100 በመቶ። እጃችሁ የሚቆርጠው ሩብ አልተለወጠም፤ ሰውነታችሁ የሚያጣው ግን በየጊዜው እየከበደ ይሄዳል። መጀመሪያው ቀሎት «ይኸው ነው እንዴ!» ያለ ሰው መጨረሻው ላይ የሚሰበረው በዚህ ነው። «ሁለት ሚሊግራም እኮ ምንም አይደለችም» የሚሉ ሰዎችም ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነው።

ስለዚህ ሕጉ፦ አሁን ከያዛችሁት ላይ ቀንሱ እንጂ ከጀመራችሁበት ላይ አታስሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአሜሪካ የሐኪም ማኅበራት የጋራ መመሪያ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ መጀመሪያ እንዲታሰብ ይመክራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ መቀነስ እንደማይገባም ይላል።

በእጃችን ባለው ኪኒን ይህን እንዴት እናድርገው? ባለ ሁለት ሚሊግራሙ የሚያስፈልገው አሁን ነው። ግማሹ 1፣ ሩቡ 0.5 ይሆናል። 9 ማለት 5 እና 2 እና 2 ነው። 8 ማለት 5 እና 2 እና ግማሽ። 7 ማለት 5 እና 2። ከ7 በታች በግማሽ ሚሊግራም ብቻ ውረዱ፦ 6.5፣ 6፣ 5.5፣ 5፣ 4.5 እያላችሁ። 4.5 ማለት ሁለት ባለ ሁለትና አንድ ሩብ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ብትቆዩ፣ ከ10 እስከ ዜሮ ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይወስዳል። ርዝመቱ አያስደንግጣችሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትሠራላችሁ፣ ትኖራላችሁ። ከ2 በታች ግን አትቸኩሉ፤ ግማሽ ሚሊግራሟም እዚያ ትልቅ ድርሻ ስለሆነች አራቱን ሳምንት፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ቆዩ። ይህ የእኔ መሰላል ነው። የእናንተን ሐኪማችሁ ያስተካክለዋል።

ዲያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ቀናት ይፈጅበታል። ለዚህ ነው ቅነሳው የሚያስከትለው ሕመም በማግስቱ የማይታየው። «ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ምንም አልተሰማኝም» ብላችሁ ሌላ አትጨምሩበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አትፍረዱ።

አቆራረጡን በተመለከተ፦ አዲስ ምላጭ፣ ጠርዝ ያለው ሳህን፣ ጥሩ ብርሃን። ኪኒኑ መሐል መስመር ካለው በመስመሩ። መቁረጫ ዕቃ ፋርማሲ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። የሳምንቱን በአንዴ ቆርጬ በወረቀት ጠቅልዬ በየወረቀቱ ላይ የቀኑን ስም እጽፋለሁ። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ሩቦቹ እኩል አይሆኑም፣ አንዷ ትበልጣለች፣ አንዷ ታንሳለች። አትጨነቁበት፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ልዩነቱ ይቻቻላል። ውኃ ውስጥ በጥብጦ ግማሹን መጠጣት ግን አይሆንም። ዲያዜፓም ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ ሥር ይዘቅጣል፤ አንድ ቀን ምንም፣ አንድ ቀን ሁሉንም ትጠጣላችሁ። ከጠዋትና ከማታው የቱ ይቀነስ ካላችሁ፣ እኔ የጠዋቱን አስቀድሜ ቀነስኩ፤ ሌሊቱን ለመጨረሻ አቆየሁት።

ደብተሩ

የተማሪ ደብተር ይበቃል። በየማታው ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ዛሬ ስንት ሚሊግራም፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ቀኑ ከአሥር ስንት ከበደኝ። አንድ ቃል ብጨምርበት ደግሞ «ጆሮ»፣ «ላብ»፣ «ልቅሶ» ብዬ ነው። ደብተሩ የሚጠቅመው መጥፎ ቀን ላይ ነው። መጥፎ ቀን ላይ ሰው ሁልጊዜም እንዲህ እንደነበረ ይመስለዋል። ወደኋላ ገልጣችሁ ስታዩ ግን ባለፈው ቅነሳም በሁለተኛው ሳምንት ከፍቶ በሦስተኛው ቀልሎ ነበር።

የውሳኔ ሕጌ ይህ ነበር። ክብደቱ ከአምስት በታች ከሆነ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ እወርዳለሁ። ከአምስት በላይ ከሆነ ባለሁበት እቆያለሁ፣ እስኪረጋ ድረስ። መቆየት ሽንፈት አይደለም። ጭራሽ ካልተቻለ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ወደ ቀድሞው ደረጃ መመለስና ከዚያ ባነሰ ቅነሳ መቀጠል ይቻላል። የማይሆነው ዛሬ ሦስት፣ ነገ ስድስት፣ ከነገ ወዲያ ምንም እያሉ መዋለል ነው። «ዛሬ ስለከፋኝ አንዷን ልጨምር» የሚለው ነገር ነርቭን ደጋግሞ ያናውጠዋል።

«ይህ የማቆሙ ሕመም ነው ወይስ የድሮው ጭንቀቴ ተመለሰ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ደብተሩ ይመልሳል። ከቅነሳው በኋላ ባሉት ቀናት ከመጣ፣ ድሮ ያልነበረባችሁ ነገር ካለበት (የጆሮ ጭውታ፣ የቆዳ መንዘር፣ የድምፅ ጥላቻ)፣ በሳምንታት ውስጥም ማዕበል ሆኖ እየመጣ እየሄደ ከሆነ የማቆሙ ነው። ለብዙ ሳምንት ቀን በቀን እየባሰ ሄዶ ልክ እንደ ድሮው ሕመም ከሆነ ግን ለሐኪም ይነገር።

ቡናው፣ ጠላው፣ ሌሊቱ

በዚህ ጊዜ ቡና ነርቭን ይነካል። ጎንደር ላይ ደግሞ ቡና እምቢ ማለት ጎረቤትን እምቢ ማለት ነው። እኔ አቦሉን ብቻ፣ እሱንም ከቀትር በፊት እጠጣለሁ። ጎረቤቴ በመጀመሪያ ቅር አላቸው። «ቡናዬን ጠላሽው እንዴ?» «ኧረ እትዬ፣ ሐኪም ነው። አቦሉን ጠጥቼ እስከ በረካው አጫውትዎታለሁ።» ከዚያ ወዲያ ስኒዬን ራሳቸው ይደፉልኛል። ቡናውንም በአንዴ አትተዉት፤ እሱም ራስ ያሳምማል።

ጠላና አረቄ ከኪኒኑ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ያፍናል። የማኅበር ዕለት ውኃ ወይም ብርዝ እይዛለሁ። ጫት የሚቅም ሰው ኪኒኑን መቀነስ ከፈለገ መጀመሪያ ጫቱን ያስብበት። ብዙ ሰው ዲያዜፓሙን የሚውጠው የጫቱን ምርቃና ለመስበር ነው፤ ጫቱ እያለ ኪኒኑ አይቀርም። ባጃጅና መኪና የምትነዱም ሌሊቱን ሳትተኙ ባደራችሁበት ጠዋት አትንዱ።

እንቅልፍ ሲጠፋ አልጋ ላይ እየተገላበጡ ሰዓት መቁጠር አይጠቅምም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነቃሁ ተነስቼ ሌላ ክፍል እቀመጣለሁ። ስልክ አልነካም። የማሕሌቱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ድምፅ ሁሉ በሚያስጠላኝ ሰሞን እንኳ እሱ አያስጠላኝም ነበር። እንቅልፍ ሲመጣ እመለሳለሁ። ጠዋት ግን ምንም ያህል ብተኛ በአንድ ሰዓት ነው የምነሳው፤ ቀን አልተኛም። ቅዳሜና እሑድ የቁስቋምን አቀበት ጠዋት በእግር እወጣለሁ። ፀሐይና ድካም ከምንም ነገር በላይ ረድተውኛል።

ጾም ላይ ኪኒኑ አይዘለል። የምሽቱን ከመክሰሻ በኋላ መውሰድ ይቻላል። የቀን ካላችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ጸበል

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ጸበል እገባለሁ፣ አምናለሁ። የሚያሳዝነኝ ሰው ጸበል ሊገባ ሲል ኪኒኑን በአንዴ ጥሎ መግባቱ ነው። ለዓመታት ዲያዜፓም የወሰደ ሰው በዚህ ሁኔታ ከጥቂት ቀን በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል፣ ሊንዘፈዘፍም ይችላል። አጠገቡ ያለው ሰው መንፈስ ለፈለፈ ይላል። ሰውዬው ግን ሐኪም ያስፈልገዋል። እኔ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አባ፣ ጸበል ልገባ ነው፣ ኪኒኔን ምን ላድርግ?» «ልጄ፣ ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ጠጪው፣ ተጠመቂውም» አሉኝ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማበረታታቸውን የምናስታውስ ብዙ ነን። ለዚህም ኪኒን ያው ነው። የቀኑን ወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ግቡ።

ለቤተሰብ

ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ። እኔ ለእማዬ ነገርኳት። «ለጥቂት ወራት እቆጣ ይሆናል፣ ያለ ምክንያት አለቅስ ይሆናል። አንቺ ላይ አይደለም» አልኳት። እሷም ስትቆጣ ያየችኝን ቀን ሁሉ ዝም ብላ ምስር ወጥ ትሠራልኝ ነበር። «በርቺ» እና «ተይው በቃ» ከሚሉ ቃላት ይህ ይሻላል። ኪኒኑን ደብቃችሁ በግድ አታስቁሙ። ይህ ፍቅር ቢመስልም ሰው ይገድላል።

ሰው ቢንዘፈዘፍ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። አጥብቃችሁ አትያዙት። ከሹልና ከእሳት አርቁት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ መንዘፍዘፉ ሲያበቃ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ተመልከቱ። ኪኒን እየቀነሰ ያለ ሰው ከሆነ አንዴም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ እስኪያበቃ አትጠብቁ። የሌለ ነገር ካየ፣ ቀንና ቦታ ከጠፋበት፣ ትኩሳትና ከባድ መንቀጥቀጥ ካለው፣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» ካለ፣ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ብቻውን አትተዉት፣ ከአጠገቡም ኪኒን፣ ገመድና መርዝ አርቁ።

የድብርት መድኃኒቶቹን አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሴቲን ወይም ሰርትራሊን ለምትወስዱ አጭር ቃል። እነዚህን ማቆም እንደ ዲያዜፓም አያንዘፈዝፍም፤ በድንገት ሲቆሙ ግን ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቅዠት፣ ብስጭት፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ብልጭ የሚል ስሜት ያመጣሉ። ፍሉኦክሴቲን በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ቀለል ይላል፣ ሕመሙም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። እዚህም ሒሳቡ ያው ነው፦ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ መጠን አንጎል ላይ የምትሠራው ከመጠኗ በላይ ነው፤ ቅነሳው እየጠበበ መሄድ አለበት። ካፕሱልን ግን ቤት ከፍታችሁ አትከፋፍሉ፤ ፋርማሲስት ጠይቁ።

ዜሮ ከደረሳችሁ በኋላም ለወራት መጥፎ ቀን ብቅ ይላል። ደብተሩን አትዝጉት። 2 ሚሊግራም ላይ ደርሶ ከዚያ በታች ያልሆነለት ሰው ደግሞ ከ10 ወደ 2 መጥቷል፤ በሐኪም ክትትል እዚያው መቆየት ይችላል፣ ሌላ ዓመት እንደገና ይሞክረዋል።

የተረፈውን ኪኒን ወደ ገዛችሁበት ፋርማሲ መልሱ። ቤት ካለ ሰው ይጠይቃል። «እቴ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ አንዷን ስጪኝ» ያለችኝ ጎረቤት አለች። አልሰጠኋትም፤ ሰኞ ጠዋት ይዣት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።